አልፍሬድ ቢኔ፦ የልጆችን አእምሮ ሊለካ የተነሣው ሰው

በዚህ መጽሔት በየዓመቱ የአንድ የታወቀ ሰው የሕይወት ታሪክ ማቅረብ የአማርኛ ክበባችን ልማድ ነው። ዘንድሮ የመረጥነው ሰው ንጉሥም አይደለም፤ የጦር መሪም አይደለም። አልፍሬድ ቢኔ የሚባል ፈረንሳዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ነው። እሱን እንድንመርጥ ያደረገን በግቢያችን የፈተና ውጤት በተለጠፈ ቁጥር የሚነሣው የቆየ ክርክር ነው። አንዱ ወገን ጉብዝና አብሮ የሚወለድ ነው፣ ዘር ከልጓም ይስባል ይላል። ሌላው ደግሞ ነገሩ የአስተማሪ፣ የቤትና የጥናት ጉዳይ ነው፣ እንቁላልም ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ብሎ ይመልሳል። በመካከሉ አንድ ሰው አይ.ኪው የሚለውን ቃል መጥራቱ አይቀርም፤ ቁጥር ሲጠራ ደግሞ ሁሉም ዝም ይላል። የዚያን ቁጥር አመጣጥ ስንፈልግ ያገኘነው ቢኔን ነው። ቁጥሩን ግን ያወጣው እሱ አይደለም።

ቢኔ እ.ኤ.አ. በ1857 በኒስ ከተማ ተወለደ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።) ኒስ በዚያን ጊዜ ገና የፈረንሳይ አልነበረችም፤ በሰርዲኒያ መንግሥት ሥር ሆና ቆይታ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው ወደ ፈረንሳይ የተጠቃለለችው። አባቱ ሐኪም፣ እናቱ ሠዓሊ ነበሩ። ወላጆቹ ስለ ተለያዩ ያሳደገችው እናቱ ናት፤ ለትምህርቱ ስትል ወደ ፓሪስ ይዛው ሄደች። በ1878 በሕግ ተመረቀ፤ በሕግ ግን አልሠራበትም። ቀጥሎ እንደ አባቱ ሕክምና ጀመረና እሱንም ተወው። በዘር ብቻ ቢሆን ኖሮ ጥሩ ሐኪም በወጣው ነበር ብለን በክበባችን ቀልደናል። ሁለቱንም ትቶ በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብሎ የሥነ ልቦና መጻሕፍትን በራሱ ማንበብ ያዘ። በዚህ ሙያ አስተማሪ አልነበረውም። ቤተሰቡ ሀብት ስለ ነበረው እንጀራ አላሳሰበውም። ይህንንም መርሳት አይገባም፤ ያለ ደመወዝ ዓመታት ቁጭ ብሎ ማንበብ ለማንም የተሰጠ ዕድል አይደለም።

በ1880ዎቹ መጀመሪያ በሳልፔትሪየር ሆስፒታል፣ በስመ ጥሩው የነርቭ ሐኪም በሻርኮ ሥር መሥራት ጀመረ። ያኔ የሆስፒታሉ ትልቅ ወሬ በሰመመን ሰዎችን ማስተኛት ነበር። ቢኔ ከባልደረባው ከፌሬ ጋር ሆኖ ማግኔት በማንቀሳቀስ የሕመምተኛን የሰውነት ምልክት ከግራ ጎን ወደ ቀኝ ጎን ማዛወር ይቻላል ብሎ ጻፈ። ዴልቡፍ የሚባል የቤልጅየም ምሁር ሙከራውን ቆሞ ተመለከተ። ሐኪሞቹ የሚጠብቁትን ነገር በሕመምተኞቹ ፊት ያወሩ ነበር፤ ሕመምተኞቹም የሰሙትን ያደርጉ ነበር። ቢኔ መጀመሪያ ተከራከረ፤ በኋላ ግን መሳሳቱን በአደባባይ አመነ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ጥርጣሬ አልለቀቀውም። መርማሪ አንድ ነገር ለማግኘት ተመኝቶ ከተነሣ፣ ሳያውቀው ራሱ የሚፈልገውን ነገር ይፈጥራል የሚል ጥርጣሬ ነው።

በ1884 የአንድ የታወቀ የጽንስ ተመራማሪ ልጅ የሆነችውን ሎር ባልቢያኒን አገባ፤ ማድሌንና አሊስ የሚባሉ ሁለት ሴቶች ልጆችም ወለዱ። ሳልፔትሪየርን ከተወ በኋላ የምርምር ስፍራው የገዛ ቤቱ ሆነ። ሁለቱ ሕፃናት መራመድ ሲማሩ እንኳ እያየ ይጽፍ ነበር። ማድሌን ወንበርና ጠረጴዛ እየተደገፈች፣ የምትይዘው ነገር መኖሩን ሳታረጋግጥ እግሯን አታነሣም። አሊስ ደግሞ ምንም ሳትይዝ ወደ ባዶው የክፍሉ መሐል እየተንገዳገደች ትሄዳለች፤ ብወድቅ ምን ይመጣል ብላ የምታስብ አትመስልም። ከፍ ካሉም በኋላ ልዩነቱ አልጠፋም። አንድ ዕቃ ሰጥቶ ስለዚህ ጻፉ ሲላቸው ማድሌን ያየችውን በትክክል ትዘረዝራለች፤ አሊስ ግን ዕቃውን ትታ በሐሳብ ርቃ ትሄዳለች። አባት አንድ፣ እናት አንድ፣ ማዕድ አንድ፤ አስተሳሰባቸው ግን ሁለት። ቢኔ ከዚህ የተማረው አንዷ ብልህ ሌላዋ ሞኝ ናት የሚለውን አይደለም። አእምሮ በአንድ ገመድ የሚለካ ጨርቅ አለመሆኑን ነው። ስለ ሁለቱ ልጆች ያጠናውን በ1903 ባሳተመው መጽሐፍ ሰፊ ቦታ ሰጥቶታል።

በ1891 ከፊዚዮሎጂ ምሁሩ ከአንሪ ቦኒ ጋር ተዋወቀና በሶርቦን ባለው የሥነ ልቦና ላቦራቶሪ ያለ ደመወዝ ልሥራ ብሎ ገባ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም የላቦራቶሪው ኃላፊ ሆነ። በ1894 ሁለቱ አንድ የሥነ ልቦና የዓመት መጽሔት መሠረቱ፤ መጽሔቱ እስከ ዛሬ ድረስ ይታተማል። በዚያው ዓመት ቢኔ በቃል የሚያሰሉ ሰዎችንና ሰሌዳ ሳያዩ ቼዝ የሚጫወቱ ሰዎችን ያጠናበትን መጽሐፍ አወጣ። ከነዚህ አንዱ ዣክ ኢናውዲ ነው። ኢናውዲ በሰሜን ጣልያን የተወለደ እረኛ ሲሆን፣ ማንበብና መጻፍ ሳይማር ረጃጅም ቁጥሮችን በቃሉ እያባዛ በየመድረኩ ሕዝብ ያስደንቅ ነበር። ይህ እንግዲህ ተፈጥሮ ነው የሚሉ ሰዎች ሊያነሡት የሚወዱት ምሳሌ ነው። ቢኔ ግን በማድነቅ ብቻ አላለፈውም። ቦን ማርሼ ከሚባለው የፓሪስ ትልቅ መደብር ገንዘብ ተቀባዮችን አስመጥቶ ከኢናውዲ ጋር አወዳደራቸው። አጫጭር ማባዛቶች ላይ በሥራቸው ብዛት የሠለጠኑት ገንዘብ ተቀባዮች አልተበለጡም፤ እንዲያውም የቀደሙበት ጊዜ አለ። ቁጥሩ እየረዘመ ሲሄድ ግን ኢናውዲ ጥሏቸው ሄደ፤ ብዙ አኃዝ በአእምሮ ይዞ መቆየት እነሱ ያልነበራቸው ችሎታ ነበርና። የክርክራችን ሁለቱም ወገኖች ከዚህ ሙከራ የየራሳቸውን ድርሻ ያገኛሉ።

ያ ዘመን በአውሮፓ የአእምሮን ነገር በመለኪያ ለመጨረስ የተቸኮለበት ዘመን ነበር። በእንግሊዝ የዳርዊን ዘመድ ፍራንሲስ ጋልተን በ1869 ባወጣው መጽሐፍ ታላላቅ ሰዎች ከታላላቅ ቤተሰቦች እንደሚወጡ ቆጥሮ፣ ታላቅነት በዘር የሚወረስ ነው ብሎ ደመደመ። ልጆቹ ከአባቶቻቸው ደም በተጨማሪ ቤት፣ መጻሕፍትና ወዳጅ መውረሳቸውን አቃልሎ አየው። በፈረንሳይ ደግሞ የብሮካ ተከታዮች የራስ ቅል ይለኩ ነበር፤ ትልቅ ራስ ያለው ትልቅ አእምሮ አለው ይባል ነበር። ቢኔም በዚህ አምኖ ጀመረ። አስተማሪዎች እጅግ ጎበዝና እጅግ ደካማ ብለው የመረጧቸውን ተማሪዎች ራስ በየትምህርት ቤቱ እየዞረ ለካ። ያገኘው ልዩነት አንድ ሚሊ ሜትር ያህል፣ አንዳንዴም ያነሰ ሆነ። ከዚያ የማግኔቱ ነገር ትዝ ሳይለው አልቀረም። ደካማ ነው የተባለውን ልጅ ራስ ስለካ እጄ ሳላስበው ያሳንሰው ይሆን ብሎ ራሱን ጠረጠረ፤ ደግሞ ሲለካም ጥርጣሬው እውነት ሆኖ አገኘው። የራስ ቅሉን ጉዳይ በዚሁ ተወው። እኛን ከታሪኩ ሁሉ ይበልጥ የገረመን ይህ ነው። በዚያን ጊዜ የጥቁር ሕዝብን፣ የሴቶችንና የድሆችን አእምሮ ዝቅ አድርገው የጻፉ ብዙ ለኪዎች ነበሩ፤ የገዛ እጁን የጠረጠረ ግን እምብዛም አልነበረም።

በፈረንሳይ ትምህርት በሕግ ግዴታ የሆነው በ1882 ነው። ከዚያ በፊት ትምህርት የከበደው ልጅ ወደ ሥራ ወይም ወደ ቤቱ ይሄድ ስለ ነበር ማንም ስለ እሱ አይጨነቅም ነበር። አሁን ሁሉም ልጅ ክፍል ውስጥ ተቀመጠ። በ1904 የትምህርት ሚኒስቴሩ ትምህርት መከታተል ስላቃታቸው ልጆች የሚያጠና ኮሚሽን ሲያቋቁም ቢኔ አባል ሆነ። ጉዳዩ ቀላል አልነበረም። አስተማሪ የሚያስቸግረውን ልጅ ከክፍሉ ለማስወጣት ብሎ ደካማ ነው ሊል ይችላል፤ ወላጅ ልጁን ላለማሳፈር ሊደብቅ ይችላል፤ ሐኪሞችም አንዱን ልጅ እያዩ በየስሙ ይጠሩት ነበር። በስሕተት ልዩ ክፍል የገባ ልጅ ያ ስም ዕድሜውን ሙሉ ይከተለዋል። ቢኔ የፈለገው ከአስተማሪ ጥላቻና ከሐኪም ግምት ነጻ የሆነ መፈተኛ ነው።

ቴዎዶር ሲሞን ከሚባል ወጣት ሐኪም ጋር ሆኖ በ1905 ሠላሳ ጥያቄዎች ያሉት መለኪያ አወጣ። ጥያቄዎቹ ከቀላል ወደ ከባድ ይሄዳሉ። የመጀመሪያው የበራ ክብሪት በዓይን መከተል ብቻ ነው። ከዚያ በሥዕል ላይ ያለን ነገር መጥራት፣ ሦስት አኃዝ ሰምቶ መድገም፣ ሁለት ክብደት ማወዳደር፣ ከሦስት ቃላት ዓረፍተ ነገር መሥራት እያለ እስከ ረቂቅ ቃላት ልዩነት ይደርሳል። በ1908 ሲያሻሽሉት ጥያቄዎቹን በዕድሜ ደለደሏቸው። ሦስት ዓመት የሞላው ልጅ አፍንጫውን፣ ዓይኑንና አፉን ማሳየት ይችላል፤ የአምስት ዓመቱ አራት ሳንቲም ይቆጥራል፤ እየተባለ ይቀጥላል። ይህን ያወጡት ተራ የፓሪስ ልጆችን አንድ በአንድ፣ ፊት ለፊት፣ በእርጋታ እየጠየቁ ነው። የስምንት ዓመት ልጅ የስድስት ዓመት ልጆች የሚመልሱትን ብቻ ከመለሰ ሁለት ዓመት ወደ ኋላ ቀርቷል ይባላል። መለኪያው የሚናገረው ይህንኑ ብቻ ነው።

ይህንኑ ብቻ ያልነው በምክንያት ነው። ቢኔና ሲሞን ከመጀመሪያው ጀምሮ መለኪያው ልጁ ዛሬ ያለበትን እንጂ ለምን እዚያ እንደ ሆነ፣ ነገም ወዴት እንደሚደርስ እንደማይናገር ጽፈዋል። ልጁ ከተወለደ ጀምሮ እንዲህ ይሁን፣ ታሞ ይሁን፣ ተርቦ ይሁን፣ ማንም ሳያስተምረው ቀርቶ ይሁን ጥያቄዎቹ አይለዩም። አንድ ነገር ደግሞ ዓይናቸውን ከፈተው። በብራስልስ ደክሮሊና ደጋን የተባሉ ተመራማሪዎች ያንኑ መለኪያ በሀብታምና በተማሩ ሰዎች ልጆች ትምህርት ቤት ሞከሩት። የቤልጅየሞቹ ልጆች የፓሪስን የሠራተኛ ልጆች በአማካይ በአንድ ዓመት ተኩል ያህል በለጡ። ቢኔ ውጤቱን ጥያቄ በጥያቄ እየለየ መረመረው። ልዩነቱ የሰፋው በተለይ ቋንቋና በቤት የሚለመድ ነገር በሚጠይቁት ላይ ነበር። በ1911 መለኪያውን ዳግም ሲያሻሽል በትምህርት ቤት ከሚገኝ እውቀት ጋር የተጣበቁትን ጥያቄዎች አወጣቸው። በቤት አንድ ቋንቋ፣ በጎዳና ሌላ፣ በፈተና ደግሞ ሦስተኛ ቋንቋ ለሚገጥማቸው የእኛ ትምህርት ቤት ልጆች ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

ቢኔ ልጆች ሁሉ እኩል ሆነው ይወለዳሉ አላለም። በተፈጥሮ የሚመጣ ልዩነት መኖሩንና እያንዳንዱ ሰው ወሰን እንዳለው ተቀብሏል። የተቆጣው አእምሮ ልክ እንደ ቁመት ተወስኖ የተሰጠ ነው፣ አንድ ልጅ ደካማ ከተባለ አበቃለት በሚሉት ላይ ነው። ይህን በ1909 ስለ ልጆች በጻፈው መጽሐፍ በግልጽ አስቀምጦታል። ሰነፍ የተባለ ልጅ መጀመሪያ ዓይኑ ይመርመር አለ፤ ሰሌዳውን ማየት ያልቻለ ልጅ ስንፍና ሲለጠፍበት አይቷልና። ለአስተማሪዎች የሚሆን የዓይን መመርመሪያም አዘጋጀ።

ወደ ኋላ የቀሩት ልጆች በሚማሩባቸው ልዩ ክፍሎች ቢኔ የአእምሮ ማቃኛ ያለውን ልምምድ ደገፈ። የተጣመመ አካል በማቃኛ እንደሚስተካከል ትኩረት፣ ማስታወስና ራስን መግዛትም በልምምድ ይጠነክራሉ ማለቱ ነው። ልምምዶቹ ጨዋታ ይመስላሉ። አስተማሪው ሲያዝ ልጆቹ ሁሉ እንደ ሐውልት ባሉበት ይደርቃሉ፤ ማን ሳይንቀሳቀስ እንደሚቆይ ይታያል። ወይም ብዙ ዕቃ የተለጠፈበት ሰሌዳ ለአምስት ሰከንድ ብቻ ታይቶ ይሸፈንና ልጆቹ ያዩትን ይጽፋሉ። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ይጽፉ የነበሩት ከልምምድ በኋላ ዘጠኝ ያህል ደረሱ። የምክር ቤት አባላት ክፍሉን ሊጎበኙ መጥተው ጨዋታውን እንሞክር ቢሉ ልጆቹን ሊደርሱባቸው አልቻሉም። የተከበሩት እንግዶች ምን እንደ ተሰማቸው መገመት አያቅትም። ቢኔ ግን እንግዶቹ ሞኞች ናቸው አላለም፤ ልጆቹ ተለማምደዋል፣ እነሱ አልተለማመዱም።

ሰውየው ከላቦራቶሪው ውጭ አንድ የማይጠበቅ ሥራም ነበረው። አንድሬ ደ ሎርድ ከሚባል ጸሐፊ ጋር የፓሪስ ተመልካች በፍርሃት የሚጮህባቸውን ተውኔቶች ይጽፍ ነበር። በሙያው ግን የሚመኘውን የዩኒቨርሲቲ ወንበር በአገሩ አላገኘም፤ በጠየቀ ጊዜ ሌላ ሰው ተመረጠ። ተማሪዎች አፍርቶ ዓላማውን የሚከላከልለት ትውልድ ያላፈራውም በዚህ ምክንያት ነው ብለን እንገምታለን። በጥቅምት 1911 በ54 ዓመቱ በፓሪስ ሞተ።

መለኪያው ያለ ባለቤቱ ባሕር ተሻገረ። በአሜሪካ ሄንሪ ጎዳርድ የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ ቀድሞ በ1908 ተርጉሞት ነበር፤ ዝቅተኛ ውጤት በዘር የሚተላለፍ የማይለወጥ ነገር ነው የሚል እምነት ግን የጨመረበት ራሱ ነው። በ1912 ጀርመናዊው ዊልያም ስተርን የአእምሮ ዕድሜን ለእውነተኛ ዕድሜ አካፈለው። በ1916 ደግሞ የስታንፎርዱ ሉዊስ ተርማን ያንን በመቶ አባዝቶ አይ.ኪው የሚባለውን ቁጥር በሰፊው አሠራጨው። የአሥር ዓመት ልጆችን ጥያቄ የመለሰ የስምንት ዓመት ልጅ 125 ያገኛል ማለት ነው። ተርማን የጥቁሮችና የሜክሲኮ ተወላጆች ልጆች ዝቅ ማለት ከዘራቸው የመጣ ይመስላል ብሎ ጻፈ። ለዚህ ያቀረበው ማስረጃ ጥቂት ነበር።

ከ1917 ጀምሮ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል የሚበልጡ የአሜሪካ ወታደሮች በጅምላ ተፈተኑ። ቢኔ ልጅን አንድ በአንድ ይጠይቅበት የነበረው እርጋታ በትልልቅ አዳራሾችና በሰዓት ተተካ። ካርል ብሪገም ከዚያ ውጤት ተነሥቶ በ1923 ባሳተመው መጽሐፍ የሰሜን አውሮፓ ዘሮችን ከሌሎቹ በላይ አደረገ። በዚያው ውጤት ውስጥ ግን እንደ ኒው ዮርክና ኢሊኖይ ካሉ የሰሜን ግዛቶች የመጡ ጥቁሮች እንደ ሚሲሲፒና አርካንሳስ ካሉ የደቡብ ግዛቶች ነጮች በልጠው ይገኛሉ። ትምህርት ቤት ባለበት ስፍራ ያደገው በለጠ፤ ቀለሙ አላገደውም። ብሪገም በ1930 የቀድሞ መደምደሚያው መሠረት እንደሌለው ራሱ ጻፈ፤ መጽሐፉ ግን እስከዚያ ድረስ ብዙ እጅ ገብቶ ነበር።

በ1927 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኬሪ በክ የተባለች ወጣት እንዳትወልድ በግዴታ እንድትመከን ፈቀደ። ኬሪና እናቷ ከቢኔ መለኪያ በተወለደው ፈተና ተፈትነው የአእምሮ ደካሞች ናቸው ተብለዋል። ሕፃኗ ልጇ ቪቪያንም ገና በእቅፍ ሳለች እንደ እነሱ ናት ተባለች። ቪቪያን ትምህርት ቤት ገባች፤ ጥሩ ውጤት ካመጡት ልጆች ዝርዝር ውስጥም ስሟ ተጻፈ። በስምንት ዓመቷ ታማ ሞተች።

ሲሞን ከቢኔ በኋላ ሃምሳ ዓመት ኖሮ በ1961 ሞተ። በመለኪያው ላይ በባሕር ማዶ የተሠራውን ሁሉ ለማየት በቅቷል። በስተርጅናው ስለ አይ.ኪው ሲጠየቅ መለኪያው የተሠራበትን ዓላማ የከዳ ነገር አድርጎ እንደሚያየው ተናግሯል።